ያልተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

“በስብሰባው ላይ ስንት ሰው ተገኘ እንበል?” አሉ ጋሽ ነጠላ ሰረዝ፣ የብዕራቸውን ጫፍ ከወረቀቱ ሳያነሱ።

“ሃያ ሦስት?” አለች ሲስተር።

“ሃያ ሦስት ይበዛል። ያን ቀን ዝናብ አካፍቶ ነበር ብለናል እኮ። አሥራ ዘጠኝ ላድርገው።”

“ምልዓተ ጉባኤው ይሞላል?”

“በአንድ ሰው ይሞላል። በአንድ ሰው ለጥቂት ሲሞላ ነው እውነት የሚመስለው።”

ጋሽ ነጠላ ሰረዝ ዝምታዋን እንደ ይሁንታ ቆጥረው “አሥራ ዘጠኝ” ብለው በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው አሰፈሩ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብዕሮች ደርድረዋል። ለዘንድሮው ጥቁር፣ ለአምናው ሰማያዊ፣ ለካቻምናው ደግሞ ቀለሙ ሊያልቅ የደረሰና የሚያደበዝዝ ሌላ ሰማያዊ። አርባ ዓመት ቋንቋ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው፣ ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪያቸው የላከላቸውን የሠርግ ጥሪ ነጠላ ሰረዝ ጨምረውበት ስለመለሱለት ነው ይባላል። እሳቸውም አይክዱም። “ሰረዙ ባይገባ ኖሮ ሙሽራዋና አማቷ አንድ ሰው ይሆኑ ነበር” ይላሉ።

ሲስተር ሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታል ነርስነት ከሠራች በኋላ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋን ለቅቃ ከሠፈሯ ሰዎች ጋር ማኅበር መሠረተች። ማኅበሩ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይንከባከባል፤ ቁስል ይጠርጋል፣ ገላ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ማስታመም ያደከመውን ቤተሰብም ለሁለት ሰዓት ያህል ያሳርፋል። ቢሮው ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነው። በአንደኛው የጓንት፣ የፋሻና የካቴተር ካርቶኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። በሌላው ጠረጴዛ፣ አራት ወንበርና የሠላሳ አንድ ሕመምተኞች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ከታች የስፌት መኪኖቹ ሲነሱ ወለሉ ይነዝራል።

ደብዳቤው የመጣው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ማኅበራትን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት የላከው ነበር። ማኅበሩ ለሦስት ዓመት የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ አላቀረበም፤ ሰብሳቢዋና ሥራ አስኪያጇ አንድ ሰው ናት፤ በቦርዱ ውስጥ የሥጋ ዘመዳሞች አሉ። በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በቂ መልስ ካልቀረበ ፈቃዱ ይሰረዛል። ሲስተር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ በጓንት ካርቶን ሥር ከተተችውና ወደ ሕመምተኞቿ ሄደች። በማግስቱም እንዲሁ። የመጀመሪያው ሳምንት እንደዚያ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ እምቢ አላት። ፈቃዱ ከተሰረዘ የሆስፒታሉ መጋዘን አንዲት ጓንት አይሰጣቸውም፤ በጎ ፈቃደኞቹ በየሰው ቤት የሚገቡበት መታወቂያም ዋጋ የለውም። በሰሌዳው ላይ ያሉት ሠላሳ አንድ ሰዎች ማን ያገላብጣቸዋል?

ዛሬ አሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ስብሰባው በሦስቱም ዓመት አልተደረገም። ጋሽ ነጠላ ሰረዝ የማኅበሩ ጸሐፊ እንደመሆናቸው ይህን ዘዴ ያመጡት እሳቸው ናቸው። “ብንሰበሰብ ኖሮ የምንወስነው ይኼንኑ አልነበር? ታዲያ የሆነውን ሳይሆን ሊሆን ይገባው የነበረውን ብንጽፍ ማንን እንጎዳለን?” ብለው ነበር። ሲስተርም ከጭንቀቷ ብዛት ነገሩ ልክ መሰላት።

“የጋራዡ ባለቤት የቀረበውን የሥራ ዕቅድ ደግፈው ሰፋ ያለ ንግግር አደረጉ” እያሉ ጮክ ብለው በመጻፍ ላይ ሳሉ በሩ ተንኳኳ።

የሕግ አማካሪዋ ነበረች። በየቀኑ አንድ ዓይነት ጃኬት የምትለብስ፣ ፈጣን፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት የማትመስል ሴት ናት። ለትንንሽ ማኅበራት ያለ ክፍያ ምክር በሚሰጥ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ከሦስት ዓመት በፊት እናቷ ወድቀው ሲተኙ ስምንት ወር ያስታመሟቸው የሲስተር ሰዎች ነበሩ፤ እናቷ ዛሬ በከዘራ ይሄዳሉ። ትናንት ሲስተር ደውላ “ወረቀቶቻችንን አንድ ጊዜ ዓይን ጣል ብታደርጊባቸው” ብላት ነው የመጣችው። የጀመረችውን ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

“እስቲ ያላችሁን ስጡኝ” አለች።

ጋሽ ነጠላ ሰረዝ የተጠናቀቁትን ገጾች አቀበሏት። ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አቆላልፈው የጽሕፈታቸውን ምስጋና ጠበቁ። አማካሪዋ ከላይ እስከ ታች አየች። ገለጠች። ከዚያ ጣቷን የተሰብሳቢዎቹ ዝርዝር ላይ አሳረፈች።

“የጋራዡ ባለቤት የሚለው እኚያ ሽማግሌ ናቸው? እናቴን በፒክአፓቸው ሐኪም ቤት ያመላልሱልን የነበሩት?”

“እሳቸው ናቸው” አሉ ጋሽ ነጠላ ሰረዝ።

“ይኼ የአምናው ነው። ክረምቱ ሲወጣ የተደረገ ይላል።” ቀና ብላ ሲስተርን አየቻት። “ሲስተር፣ እሳቸው ያረፉት መቼ ነበር?”

ከታች አንድ የስፌት መኪና ተነሣ፤ ወለሉ ነዘረ።

ሲስተር ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ታውቀዋለች። በክረምቱ እኩሌታ፣ ረፋድ ላይ ነበር። ሰውዬው መኪናቸውን ለማኅበሩ ሲያውሉ ኖረው በመጨረሻ እሳቸውም ተኙ፤ አራት ወር በየቀኑ ሄዳ ቁስላቸውን የጠረገችው እሷ ናት። በዚያ ጠዋት ወደ መስኮቱ እንድታዞራቸው ጠየቋት፤ አዞረቻቸው፤ ትራሱን አስተካክላ ቀና ስትል አልነበሩም። ዓይናቸውን የከደነችው በዚህ እጇ ነው። አሁን ደግሞ በዚሁ እጅ ልትፈርምበት በተዘጋጀ ወረቀት ላይ፣ ከሞቱ ከሁለት ወር በኋላ፣ ተነሥተው ሰፋ ያለ ንግግር አድርገዋል።

“ንግግሩን ለምን ጨመሩበት ጋሼ?” አለች ሲስተር።

“እሱ ሳይናገርበት ያለፈ ስብሰባ አለ ቢባል ማን ያምናል ብዬ ነው” አሉ። ከዚያ የተናገሩት ለራሳቸውም ተሰማቸው መሰል፣ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። “ረስቼው ነው። ስም ስደረድር ሁልጊዜ ሦስተኛው ላይ ይመጣል፤ እጄ ለምዶት። እናወጣዋለን። አሥራ ስምንት ይሆናል።”

“አሥራ ስምንት ከሆነ ምልዓተ ጉባኤው አይሞላም” አለች ሲስተር።

ማንም አልሳቀም።

አማካሪዋ ወረቀቶቹን ገጭ አድርጋ አስተካከለችና ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠቻቸው።

“ስሙኝ” አለች። “እኔ እናንተን ልቆጣ አልመጣሁም። ሥራዬ ይኼ ነው፤ በዓመት አርባ ማኅበር አያለሁ። ስብሰባ አለማድረግ ጉድለት ነው። ያልተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አዘጋጅቶ መንግሥት ቤት ማስገባት ግን ወንጀል ነው። ጉድለት መውጫ አለው። በዚህኛው በር ከገባችሁ ግን መውጫውን እኔም አላውቀው።”

“አልተሰበሰብንም ብለን ብንጽፍስ?”

“ጥፋታችንን አምነናል፣ በዚህ ቀን ጉባኤ እንጠራለን፣ ሰብሳቢነትና ሥራ አስኪያጅነትን እንለያለን፣ ዘመዳሞቹን ከቦርዱ እናነሣለን ብላችሁ ዕቅድ ካቀረባችሁ፣ ደንቡ የማስተካከያ ጊዜ እንዲሰጡ ይፈቅድላቸዋል።”

“ይፈቅድላቸዋል ማለት ይሰጣሉ ማለት ነው?”

“አይደለም። ሊሰጡም ላይሰጡም ይችላሉ። ቃል አልገባልሽም ሲስተር። ዋሽቼ ባጽናናሽ ከዚህ ወረቀት በምን እሻላለሁ?”

ሲስተር ሰሌዳውን አየች። በእውነቱ በኩል ብትሄድ ፈቃዱን ዛሬውኑ ልታጣው ትችላለች፤ በውሸቱ በኩል ብትሄድ ምናልባት ማንም ሳያይባት ዓመታት ይገፋል። ግን ሰውዬው ተነሥተው ተናግረዋል። ያንን ወረቀት ይዛ ነገ ሌላ ሰው ልታገላብጥ እንዴት ብላ ትገባለች?

“ጻፊልኝ” አለች። “እውነቱን ጻፊልኝ።”

ጋሽ ነጠላ ሰረዝ ተነሡ። ገጾቹን ሰብስበው ለአራት አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱ። “አርባ ዓመት ሙሉ” አሉ በሩን እያዩ፣ “ኮረጅክ ብዬ ስንቱን ልጅ ከክፍል አስወጥቻለሁ። እግዜር አላሳየኝም እንጂ አንዱ ዛሬ ቢያየኝ።” ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና በሕይወት ያሉትን አባላት ዝርዝር በአዲስ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመሩ። ሠላሳ አራት ሆኑ።

አማካሪዋ ዳቦዋን በግራ እጇ እየበላች በቀኟ ጻፈች። ሁለት ገጽ ሆነ። በመሀል አንድ ጊዜ ቀና አለች።

“ያልተሰበሰባችሁበት ምክንያት?”

“በሥራ ብዛት በይው” አለች ሲስተር ቶሎ ብላ።

አማካሪዋ ትንሽ አየቻት፤ ጻፈችው። ስትነሣ “ከዚህ በኋላ ሌላ ማኅበር ይጠብቀኛል፤ አብሬሽ አልሄድም” አለች። “የሚጠይቁሽን ብቻ መልሺ። የማታውቂውን አላውቅም በይ። ደብዳቤውን ሲቀበሉሽ የመዝገብ ቤት ማኅተም እዚያው ፊትሽ እንዲመቱበት አድርጊ። ደግሞ ምሳ ብይ፤ ፊትሽ ወረቀት መስሏል።”

ሲስተር ምሳ አልበላችም።

መሥሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደርሳ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቆመች። ሰው ከስምንት ሰዓት በፊት ጀምሮ ተሰልፎ ነበር። ከፊቷ የነበረው ሰው በጥቁር ክር የተጠረዘ፣ እንደ መዝገበ ቃላት የወፈረ ሰነድ አቅፏል። የእሷ ሁለት ገጽ በፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ለብቻው ታጥፎ ሲታይ አሳፈራት፤ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

ተራዋ ሲደርስ በመስኮቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ደብዳቤውን ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና ትኩር ብሎ አያት።

“ጭራሽ አልተሰበሰባችሁም?”

“አልተሰበሰብንም።”

“ሦስቱንም ዓመት?”

“ሦስቱንም።”

“ይጠብቁኝ” አለና ወረቀቱን ይዞ ከኋላ ባለው በር ገባ።

ሲስተር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ከጎኗ የተቀመጡ ሴትዮ “ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?” ብለው ውኃ አቀበሏት፤ ይህ እሷ ሌላውን የምትጠይቀው ጥያቄ ነበር። ፈቃዱ ቢሰረዝ ለማን ቀድማ እንደምትነግር ታስብ ጀመር። ለበጎ ፈቃደኞቹ? ወይስ በሠፈሩ ሦስተኛ መንገድ ለሚኖሩት ቤተሰቦች፣ አባታቸውን ያለ እሷ ማንሣት ለማይችሉት? የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እንዲህ ነው ለካ፤ ደብዳቤውን ለሳምንት የደበቀችው እንዳይደርስ ነበር፤ ደርሶ አሁን በር ከፍቶ ጠራት።

“ኃላፊዋ ይጠሩዎታል” አለ ሠራተኛው።

ኃላፊዋ በሁለት የሰነድ ክምር መሀል ከአንገታቸው በላይ ብቻ የሚታዩ ትልቅ ሴት ነበሩ። እንድትቀመጥ በእጃቸው አመለከቷት። ደብዳቤው ፊታቸው ተዘርግቷል።

“ይኼን ማን መከረዎት?”

“የሕግ አማካሪያችን።”

“ጎበዝ ናት። ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ማኅበር አስተናግጃለሁ። ሁሉም በየዓመቱ በቀኑ ተሰብስበዋል፤ ሁሉም በሙሉ ድምፅ ወስነዋል። በሙሉ ድምፅ የሚስማማ ሰው ያለበትን ሠፈር ቢነግሩኝ ቤቴን እዚያ እሠራ ነበር።” አልሳቁም። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አደረጉ። “ግን ይኼ አልገባኝም። በሥራ ብዛት ይላል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ከሰዓት አጥታችሁ ነው?”

ሲስተር “ሕመምተኞቹ ብዙ ናቸው” ልትል አፏን ከፈተች። ትክክልም ነው፤ ብዙ ናቸው። ግን መልሱ እሱ አልነበረም።

“አይደለም” አለች። “ፈርቼ ነው።”

“ማንን?”

“አንዲት አባል አለች፤ ፋርማሲስት ናት። ማኅበሩን ስንመሠርት ከጎኔ የነበረች ጓደኛዬ። የዛሬ ሦስት ዓመት በጉባኤው ላይ ተነሥታ፣ ‘ሕመምተኛውን የምትመርጪ አንቺ፣ በጎ ፈቃደኛውን የምታሰናብቺ አንቺ፤ እኛ የተጠራነው እጅ ለማውጣት ነው? ነገ አንቺ ብትተኚ ይኼ ማኅበር ማን ነው?’ አለችኝ። ብዙ ሰው አጨበጨበላት። እኔ ሰዓት አልቋል ብዬ ስብሰባውን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ስብሰባ መጥራት ሳስብ እሷ ስትነሣ ይታየኛል። ዘንድሮ ይቅር እላለሁ። ዓመቱ ደርሶ ያልፋል።”

ተናግራ ስትጨርስ ደነገጠች። የሚጠይቁሽን ብቻ መልሺ ተብላ ነበር። ለራሷ እንኳ በዚህ ቃል ነግራው አታውቅም።

ኃላፊዋ ደብዳቤውን ወደ ጎን አደረጉት።

“ሴትየዋ የተናገሩት ስህተት ነበር?”

“አልነበረም። ለዚያ ነው የፈራኋት።”

ኃላፊዋ መሳቢያቸውን ስበው አንድ ቅጽ አወጡና መጻፍ ጀመሩ። እየጻፉ፣ ድምፃቸው ሳይቀየር፣ የሐኪም ማዘዣ እንደሚያነብ ሰው ተናገሩ።

“ስድሳ ቀን ሰጥቻችኋለሁ። በስድሳ ቀን ውስጥ ጉባኤው ይጠራል፤ ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ለሁሉም አባል ጥሪ ይደርሳል፤ የደረሳቸው መሆኑን ይፈርማሉ። ሰብሳቢና ሥራ አስኪያጅ ይለያሉ፤ አንዱን ይምረጡ። ታላቅ እህትዎና ባላቸው ሁለቱም ቦርድ ውስጥ አይቀመጡም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በፋይላችሁ ይገባል። እስከዚያ ፈቃዱ ይሠራል።”

“ይሠራል?” አለች ሲስተር።

“ይሠራል አልኩዎት። በስድሳ አንደኛው ቀን ግን እዚህ ቢመጡ እኔን አያገኙኝም፤ የሚያገኙት የመሰረዣውን ደብዳቤ ነው።” ቅጹ ላይ ማኅተም መቱበትና አቀበሏት። “እናቴ ሁለት ዓመት ተኝታ ነው የሞተችው። እንዲህ ያለ ማኅበር በሠፈራችን አልነበረም። ይኼን የምነግርዎት እንዳይጠፋ እንድትጠብቁት ነው እንጂ፣ ለዚህ ብዬ አንድ ቀን አልጨመርኩልዎትም።”

ሲስተር አመስግና ወጣች። አራቱን ፎቅ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቅጹን እንደገና አነበበችው፤ “ፈቃዱ ይሠራል” የሚለውን ሦስት ጊዜ። ያኔ ሳቅ መጣባት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ድንገት ረሃብ ተሰማት፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ከመንገዱ ማዶ ካለች ሱቅ ሁለት ሙዝ ገዝታ ቆማ እየበላች ለታላቅ እህቷ ደወለች።

“እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ ቅር እንዳይልሽ።”

“ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። ከቦርዱ መውጣትሽ ነው። ባልሽም ይወጣል። ሕጉ ዘመዳሞችን አይፈቅድም።”



“ከቦርዱ?” አለች እትዬ። “እስካሁን ነበርኩ እንዴ?”

“ስድስት ዓመት እኮ ሆነሽ።”

“እኔ ወንበር እንዳውስሽ መስሎኝ ነበር የፈረምኩት። አንቺዬ፣ ወንበሮቹስ አብረውኝ ይወጣሉ?”

“ወንበሮቹ ይቆያሉ።”

“ይሁን። ለባሌም እነግረዋለሁ፤ ደስ ነው የሚለው። በጉባኤ ቁጥር እሱ እንቅልፍ ሲይዘው ጎኑን የምወጋው እኔ ነበርኩ፤ ተገላገልኩ።”

ሲስተር የሙዙን ልጣጭ እንደያዘች መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አያት። ለአማካሪዋም ደወለች። አማካሪዋ ነገሩን ሰምታ “ስድሳ? እኔ ሠላሳ ነበር የጠበቅኩት” ካለች በኋላ “ምክንያቱን ጠየቁሽ?” አለች።

“ጠየቁኝ።”

“ምን አልሽ?”

“ቀየርኩት።”

“ጥሩ” አለች አማካሪዋ፣ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

ቢሮ ስትደርስ ጋሽ ነጠላ ሰረዝን ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ፊቷን አይተው ተረዱ፤ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ዘጭ አሉ። “እፎይ” አሉ ረዘም አድርገው። “እኔ ዛሬ አሥር ዓመት አርጅቻለሁ። የነበረኝም ብዙ አልነበረም።” ወዲያው ግን ብዕር አነሡ። አሁን የምር ለሚደረግ ስብሰባ ጥሪ ሊጽፉ ነው፤ ደስታቸው ከእጃቸው ይታይ ነበር። ደንቡን ገልጠው ቀኑን አብረው ቆጠሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለው እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት፣ በዚሁ ቢሮ። ወንበር ሠላሳ ያንሳል፤ ከስፌት ቤቱና ከጎረቤት ይዋሳሉ።

“ሰብሳቢነቱን ነው ሥራ አስኪያጅነቱን የምትይዢው?” አሉ ሳያዩዋት።

“ሥራውን። ሰብሳቢ ጉባኤው ይምረጥ።”

“ጉባኤው?” ብዕራቸው ቆመ። “ማንን እንደሚመርጡ ታውቂያለሽ አይደል?”

“አውቃለሁ ጋሼ።”

ጋሽ ነጠላ ሰረዝ ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ሠላሳ አራቱንም ጥሪ በእጃቸው ጻፉ፤ ኮምፒውተሩ ይሻላል ብትላቸው “ኮምፒውተር ሰውን አያከብርም” አሉ። ጽፈው ሲጨርሱ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር፤ የቀኝ እጃቸውን ጣቶች በግራቸው እያሹ ከአንደኛው እስከ ሠላሳ አራተኛው ቆጠሩና በፖስታ ከተቱ። ሲስተር በመሀል ሁለት ሕመምተኞች ዘንድ ደርሳ ተመለሰች። የሦስተኛው መንገድ ሽማግሌ የጀርባቸው ቁስል መሻር ጀምሮ ነበር፤ ቁስሉ ዙሪያ ቀይ የነበረው ወደ ሮዝ ተለውጧል። ለልጃቸው ስታሳየው ልጅቷ “ዛሬ ምነው ደስ ብሎሻል?” አለቻት።

ከፖስታዎቹ አንዱን ብቻ ራሷ ልታደርስ ወሰደች።

ፋርማሲው ከቢሮው አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ሲስተር ሦስት ዓመት ሙሉ መድኃኒት ስትፈልግ ሁለት ሠፈር አቋርጣ ሌላ ቦታ ትሄድ ነበር። ገና መብራት አልበራም። ፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ለአንድ አባት ጠብታው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ እያስረዳች ነበር። ጸጉሯ ከፊት ሸብቷል። ሲስተርን አየቻት፤ ቃሏን አላቋረጠችም። አባትየው እስኪወጡ ድረስ ሲስተር የሚዛኑ አጠገብ ቆመች።

“ምን ልስጥሽ?” አለች ፋርማሲስቷ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

ሲስተር ፖስታውን የባንኮኒው መስተዋት ላይ አደረገችላት። ፋርማሲስቷ ከፍታ አነበበች። ሁለተኛ ጊዜ አነበበች።

“አጀንዳው የአመራር ምርጫ ይላል።”

“አዎ።”

“አንቺስ?”

“እኔ አልወዳደርም። ሥራውን እሠራለሁ። ያን ጊዜ የጠየቅሽኝን…” ቀጣዩን ቃል ፈለገች። “ያን ጊዜ ሰዓት አላለቀም ነበር።”

ፋርማሲስቷ ወረቀቱን አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው። ፊቷ ላይ የነበረው የደንበኛ ፈገግታ ጠፍቶ ሌላ፣ የድሮውን የሚመስል ነገር መጣ።

“የጋሼ ጽሕፈት ነው” አለች። “አሁንም አራት ነጥቡን እንደዚህ ያሳምረዋል?” ከዚያ ጣቷ አንድ ቦታ ቆመ። “እሑድ ከሰዓት። እሑድ ከሰዓት ተረኛ ፋርማሲ እኔ ነኝ፤ እስከ ማታ አልዘጋም። ቢሆንም፣ እንኳን ጠራሽኝ። በፈቃድ የቀረች በሉኝ።”

ከመስተዋቱ ወዲያና ወዲህ ሁለቱ ቆመው ነበር። ሲስተር ሒሳቡ ወዲያው መጣላት፤ ሠላሳ ሦስት ሰው አለ፤ ምልዓተ ጉባኤው ያለሷም ይሞላል። ጥሪው ደርሷታል፤ ትፈርማለች፤ ሕጉ ከዚህ በላይ አይጠይቅም። የቀረችው በራሷ ነው። ኃላፊዋም ሆኑ ሌላ ማንም ሲስተርን አንድ ቃል አይናገሯትም።

“ጠዋትስ?” አለች።

“ጠዋት ረዳቴ አለች። ጠዋት ነፃ ነኝ።”

ሲስተር ከፋርማሲስቷ ጋዋን ደረት ኪስ ብዕሩን ሳበች፣ ሆስፒታል አብረው ሳሉ እንደለመደችው ሳትጠይቅ። ወረቀቱን ወደ ራሷ አዞረች። “ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት” የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ ከላዩ “ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት” ብላ ጻፈችና ስልኳን አወጣች።

“ጋሼ፣ እቤት ደረሱ? … አልመሸም፣ ግድ የለም። ሰዓቱን ለጠዋት ቀይሬዋለሁ።” ትንሽ አዳመጠች። “አዎ፣ አውቃለሁ። ሠላሳ አራቱንም እንደገና።”